ባለቤቴ ጡረታ ወጥቶ ከሶፋ አልነሳ አለ፤ እኔስ?

ጥያቄ፦ "51 ዓመቴ ነው። በአንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ 34 ዓመት ሠርቶ ከሦስት ዓመት በፊት ጡረታ ወጣ። የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር። ዘመድ ጠየቀ፣ ክፍለ ሀገር ሄደ፣ አጥር አሳደሰ። አሁን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ቴሌቪዥን ነው። ውጣ ስንለው 'የት ልሂድ?' ይለናል። በዚያው ዓመት ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን የመንገድ ቀያሽ ነበሩ፤ እሳቸው ቀን ቤታቸው አይገኙም። ልዩነቱ የጠባይ ነው ወይስ የሥራ? እኔም 'ጡረታ ስወጣ አነባለሁ፣ አገሬን አያለሁ' እያልኩ ያስቀመጥኩት ብዙ ነገር አለ። የሱ ዕጣ ይደርሰኝ ይሆን? ቨርጂኒያ ያለው ወንድሜም ሁለት ሥራ እየሠራ 'ጡረታ ስወጣ' ነው የሚለው።"

መልስ፦

ከጠባይም ከሥራም ነው። ሰው ግን ሁሉንም ለጠባይ ይሰጥና ሥራን ይረሳዋል። "ሰነፍ ነው"፣ "ቤት ወዳድ ነው"፣ "እሷማ ተጫዋች ናት" ብለን እንጨርሰዋለን። እኔ የምሠራው በሥራና በእርጅና ሥነ ልቦና ላይ ስለሆነ የተረሳውን ወገን ላንሳ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርዎት። በ60ዎቹ ዕድሜዎ ትርፍ ጊዜዎ ምን እንደሚመስል የሚወስነው ያኔ የሚኖርዎት የሰዓት ብዛት አይደለም። ከ40 እስከ 60 ባሉት ዓመታት ሥራዎ ላይ ምን ያህል በራስዎ ይወስኑ እንደነበር፣ ማታ ሲገቡ ምን ያህል አቅም ይተርፍዎ እንደነበር፣ ከመሥሪያ ቤት ውጪ ከማን ጋር ይገናኙ እንደነበር ነው። ሰዓቱ ጡረታ ሲመጣ በነጻ ይሰጣል። ሌላውን የሚሰጥ የለም።

ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1968 የሕዝባቸውን ኑሮ የሚያጠና ትልቅ አገር አቀፍ ቃለ መጠይቅ ጀመሩ። ስለ ገቢ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ትርፍ ጊዜ ጠየቁ። ያኔ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ከነበሩት ውስጥ በሕይወት የቆዩትን በ2002 ፈልገው እንደገና አነጋገሯቸው። 34 ዓመት አልፏል፤ ሰዎቹ አርጅተዋል። በእርጅናቸው አንድ ነገር ሲያደርጉ የተገኙት በአብዛኛው ያኔም ያደርጉት የነበሩ ሰዎች ሆኑ። ዕድሜ ሲገፋ ብዙ ነገር ይቀንሳል፤ ከዜሮ የሚጀመረው ጥቂት ነው።

ይኸው መረጃ ለሌላ ሰውም ጠቅሟል። ሮበርት ካራሴክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የ1968ቱን መልስ ከ1974ቱ ዙር ጋር አስተያየው። ሥራን በሁለት ነገር ለካ። ሥራው ሰውየውን ምን ያህል ይወጥረዋል? ሰውየውስ በሥራው ላይ ምን ያህል ይወስናል? እምብዛም የማይወጥር፣ ምንም የማያስወስን ሥራ አለ። በስድስቱ ዓመታት ውስጥ ሥራቸው ወደዚህ ዓይነት የተቀየረባቸው ሰዎች ከሥራ ውጪም ተቀዛቀዙ። ከፖለቲካውም፣ ከትርፍ ጊዜ እንቅስቃሴውም ራቁ። ሥራቸው እየከበደ ውሳኔውም እየጨመረላቸው የሄዱት ደግሞ ከሥራ ውጪም ነቁ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ነው የሚጠብቀው፤ ቀላል ሥራ ያለው ሰው ማታ ትኩስ ሆኖ የሚገባ ይመስለዋል።

አሁን የባለቤትዎን ጠረጴዛ እንየው። መዝገብ ቤት ውስጥ ገቢ ደብዳቤ ይመጣል። ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ኃላፊው ቢሮ ይገባል። ኃላፊው ጥጉ ላይ "ለእገሌ፣ ተገቢው እንዲፈጸም" ብሎ ይመራዋል። ተመልሶ ይወጣል፤ ለተመራለት ክፍል በፊርማ ይሰጣል። ነገሩ ሲያልቅ ፋይሉ መደርደሪያው ላይ ይመለሳል። ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አንድ ደብዳቤ ቢጠፋ ሰው ደመወዙን ይቀጣል። ግን በዚያ ሁሉ ምልልስ ውስጥ "ይሄ ወዴት ይሂድ?" የሚለውን የሚመልሰው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። 34 ዓመት እንዲህ የሠራን ሰው "ውጣ እንጂ" ስንለው "የት ልሂድ?" ቢለን ምን ይገርማል? ስንፍና አይመስለኝም። የሚመራላቸው ሰው ነው ያጡት።

ቀያሹን ደግሞ ይመልከቱ። ቀያሽ ጠዋት መሣሪያውን የት እንደሚተክል ራሱ ይመርጣል። ችካሉ የሰው ማሳ ውስጥ ካረፈ ከገበሬው ጋር ተቀምጦ ይነጋገራል። ዝናብ ከመጣ ዕቅዱን ይገለብጣል። ሹፌሩ ቢታመም፣ ወንዙ ቢሞላ፣ ልኬቱ አልገጥም ቢል ሁሉም የሱ ራስ ምታት ነው። እንዲህ የኖረ ሰው ጡረታ በወጣ ማግስት ሰፈሩ ውስጥ ችግር ፈልጎ ያገኛል። "ይሄ ጎርፍ ለምን እዚህ ይተኛል?" ብሎ ወረዳ ይመላለሳል። ሰውም ያያል፤ በሁለተኛው ወር የእድሩ ሰብሳቢ ያደርገዋል።

"ሲጀመርስ ቀልጣፋ ስለነበሩ አይደል ቀያሽ የሆኑት?" ብለው ሊጠይቁኝ ይችላሉ። ጥሩ ጥርጣሬ ነው። ተመራማሪዎችም ጠርጥረዋል። ሜልቪን ኮንና ካርሚ ስኩለር እ.ኤ.አ. በ1964 ከ3 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ወንድ ሠራተኞችን አነጋገሩ። የተወሰኑትን በ1974 መልሰው አገኙ፤ በ1994ም እንደገና ተመለሱባቸው። ያዩት ነገር መንገዱ በሁለቱም በኩል እንደሚያስኬድ ነው። ነቃ ያለ ሰው ውስብስብ ሥራ ይይዛል፤ ውስብስብ ሥራም በበኩሉ ሰውን ያነቃል፣ ከሥራ ውጪ የሚያደርገውን ጭምር ይለውጣል። ስኩለር ከመስፍን ሙላቱ ጋር በ2001 ባወጣው ጽሑፍ ላይ ደግሞ አረጋውያኑን ለብቻ ተመለከቱ። ጭንቅላት የሚያሠራ ትርፍ ጊዜ የማሰብ ብቃትን ይደግፋል፤ ያ ብቃት ደግሞ መልሶ ለትርፍ ጊዜው ጉልበት ይሆናል። ስለዚህ ጠባይ አለ። ሥራ ግን ጠባይን በየቀኑ ስምንት ሰዓት እየቀረጸው ይውላል።

እርግጥ ሁሉም ሰው በሥራው መልክ አያርፍም። ሃሮልድ ዊለንስኪ የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 ሁለቱን አስተሳሰቦች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ነበር። አንደኛው ሥራ ወደ ቤት ተከትሎን ይገባል ይላል። ሁለተኛው ሰው ሥራ ላይ ያጣውን ከሥራ ውጪ ያካክሳል ይላል። እንደ ሁለተኛው የሚኖሩ አሉ። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር ውሎ ማታ ክራር የሚመታ ገንዘብ ተቀባይ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው። ሲጠየቁም ክራሩን የያዙት በ20ዎቹ ነው፤ በ60 የጀመረ አላጋጠመኝም።

ወደ እርስዎ ልምጣ።

የሥራ ሰዓትዎን አልጻፉልኝም፤ ግን የሂሳብ ሠራተኛን ዓመት አውቀዋለሁ። ደመወዝ፣ የሥራ ግብር፣ የጡረታ መዋጮ፣ ቫት፣ ሁሉም በየወሩ ቀነ ገደብ አለው። ሰኔ 30 ሲዘጋ ደግሞ እስከ ጥቅምት 30 ያሉት አራት ወራት የኦዲትና የግብር ናቸው። ልደት ቤት እንኳ ላፕቶፕ ተይዞ የሚኬድበት ጊዜ ነው። ይህ ሥራ ያስወስናል። ስለዚህ በ60 ዓመትዎ "የት ልሂድ?" ይላሉ ብዬ አልሰጋም። የእርስዎ ስጋት ሌላ ነው። ውሳኔው ሁሉ ቢሮ ላይ ያልቅና ቤት ሲገቡ ምንም አይቀርም። እራት፣ ሶፋ፣ ስልክ፣ እንቅልፍ። በ51 ዓመትዎ ከቀኑ 12 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ እንዲህ ካለፈ በ60ም ቀኑ በሙሉ የዚያ ግልባጭ ሊሆን ይችላል።

ደስ የሚለውን ክፍል ልንገርዎት። ፈረንሳይ ውስጥ በኤሌክትሪክና በጋዝ ድርጅት ሠራተኞች ላይ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የተካሄደ ጥናት አለ። ወደ 20 ሺህ ሰው ገብቶበታል። ሰዎቹ ጡረታ በወጡበት ጊዜ አካባቢ ድካማቸው በአንዴ ቀነሰ። የእንቅልፍ ችግራቸውም ቀለለ። ስለዚህ "አሁን ደክሞኝ ነው" የሚሉት ውሸት አይደለም፤ ድካሙ በእውነት ይለቃል። ችግሩ ድካም በለቀቀው ቦታ ላይ ንባብ በራሱ አለመብቀሉ ነው። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ የሚሠራው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት 65 ዓመት ያለፋቸው ሰዎች በቀን በአማካይ ከ4 ሰዓት በላይ ቴሌቪዥን እንደሚያዩ ያሳያል። ያ ሁሉ ሰው ቴሌቪዥን ለማየት አቅዶ ጡረታ የወጣ አይመስለኝም። ባዶ ሰዓት በእጅ የቀረበውን ነው የሚወስደው።

ራስዎን መፈተን ከፈለጉ ሁለት ነገር ይሞክሩ። አንዱን ዛሬ ማታ፦ አንድ መጽሐፍ ይዘው ስልክ ሳይነኩ 20 ገጽ ያንብቡ። ስምንተኛው ገጽ ላይ እጅዎ ወደ ስልኩ ከሄደ "ጡረታ ስወጣ አነባለሁ" የሚለው ዕቅድ መሠረቱ አሁኑኑ እየላላ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የዓመት ፈቃድዎ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ አገልግሎት ሲጨምር ቀኑም ይጨምራል። አዋጁ ሥራ ላይ እያሉ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥን ይከለክላል። ምክንያት አለው፤ እረፍቱን ሰውየው ራሱ እንዲያርፍበት ነው። እኛ ግን ምን እናደርግበታለን? ቀለም እናስቀባበታለን። ልጅ እናስመዘግብበታለን። ለቅሶ እንቀመጥበታለን። ካልሆነም "ከኦዲት በኋላ" እያልን እናጠራቅመዋለን። ባለፈው ዓመት ከወሰዱት ፈቃድ ውስጥ ስንቱ ቀን ለራስዎ እንደነበር ያስቡት። ጡረታን ረጅም ፈቃድ በሉት፤ አጭሩን መጠቀም ያቃተው ሰው ረጅሙ ይከብደዋል።

ስለ ገላም ትንሽ ልበል፤ ትርፍ ጊዜ ጉልበትና ወገብ ይፈልጋልና። ፊንላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 ዕድሜያቸው ከ44 እስከ 58 የሆኑ 6,257 የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ተመዝግበው ለ28 ዓመት ተከታተሏቸው። በመካከለኛ ዕድሜያቸው የመሥራት አቅማቸው ደካማ የነበረው በእርጅናቸው ለመራመድ፣ ለመልበስ፣ የዕለት ኑሯቸውን ለመምራት በብዛት ተቸገሩ። በእግሩ መቆም ያቃተው ሰው ላሊበላን የሚያየው በቴሌቪዥን ነው። ደግሞ "ሥራ ላይ ስባክን ነው የምውለው፣ ምን ስፖርት ያስፈልገኛል" የሚሉ አሉ። ዴንማርካውያን ከ100 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ ይህንን አይተውታል። በትርፍ ጊዜ የሚደረግ እንቅስቃሴ ልብን ይጠብቃል፤ ሥራ ላይ የሚደረገው ግን ያንን ጥቅም አልሰጠም። መሸከምና መቆም አንድ ነገር ነው፣ በፈለጉት ሰዓት ተነስቶ መራመድ ሌላ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። 65 ዓመት ላለፋቸው ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን የሚዛን ልምምድ ይጨምርበታል። እርስዎ ወንበር ላይ ስለሚውሉ ይህን ከኔ በላይ ወገብዎ ይነግርዎታል።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን የሰውን ጉዳይ ነው። ደመወዝተኛ ከ40 በኋላ ወዳጆቹን አንድ በአንድ ወደ ቢሮ ያስገባል። ምሳ አብረን የምንበላው፣ ሻይ አብረን የምንጠጣው ከባልደረባ ጋር ነው። በ10 ሰዓቱ ሻይ ላይ የምንስቀው በአለቃችን ነው፤ አለቃው ከሕይወታችን ሲወጣ ጨዋታውም አብሮ ይወጣል። የድሮ ባልደረቦች ጡረተኛውን አንድ ሁለት ጊዜ ይደውሉለታል። ከዚያ ሥራ ይይዛቸዋል።

ሰፈርስ? ብዙ የአዲስ አበባ ሰው ሰፈር የሚቀይረው በዚሁ ዕድሜው ነው። ኮንዶሚኒየም ይደርሰዋል፣ ወይ ሰፈሩ ይነሳል። ቦሌ አራብሳ ወይም ኮዬ ፈጬ የገባ ሠራተኛ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ታክሲ ይሰለፋል፤ ማታ 2 ሰዓት ይገባል። ደረጃው ላይ የሚያገኘውን ሰው "ሰላም ነው?" ብሎ ያልፈዋል። የእድር መዋጮውን በቴሌብር ይልካል። ስብሰባ የሚወጣው ቅጣት ሲበዛበት ነው። ዓመታት እንዲህ ያልፉና አንድ ቀን ጡረታ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ስም በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ነው። ባለቤትዎ በቅርብ ዓመታት ሰፈር ቀይረው ከሆነ የሶፋው ግማሽ ምክንያት ይሄ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ የደመወዝተኛ ወሬ ነው። ገበሬ ጡረታ አይወጣም። ሚካኤል ወይ ማርያም ሲመጣ በሬ አይጠመድም፤ ማኅበሩና ሰንበቴው ከጎልማሳነቱ ጀምሮ አብረውት ያረጃሉ። ሽማግሌ ሲሆን ደግሞ እርቅ ይጠራዋል። ኑሮው ይቀላል ማለቴ አይደለም። ግን "ቀኑን በምን ላሳልፈው?" የሚል ሽማግሌ ገጠር ውስጥ እምብዛም አላየሁም።

ሴት ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 የሠራው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ክፍያ የሌለው የቤት ሥራ በአብዛኛው ሴቶች ላይ እንደሚወድቅ ያሳያል። ለእርስዎ አዲስ ዜና አይደለም። ጡረታ ቢሮውን ይዘጋል እንጂ ማጀቱን አይዘጋም። እንዲያውም "አሁን እቤት ነሽ" ተብሎ የልጅ ልጅ ይመጣል። ሴት ጡረተኞች እንደ ወንዶቹ ባዶ አይውሉም፤ ነገር ግን ቀኑ የነሱ አይሆንም። ስለዚህ "የኔ" የሚሉትን ሰዓት ከአሁኑ ቤተሰቡን ማስለመድ አለብዎት። በ60 ዓመት ድንገት "ሐሙስ ከሰዓት አልገኝም" ማለት ይከብዳል። በ51 ተጀምሮ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሐሙስ ግን ሕግ ይሆናል።

ለዚህ ነው ትልቅ ዕቅድ እንዲያወጡ የማልመክረው። አንድ ነገር ይምረጡ፤ ቀን ይስጡት፤ የሚጠብቅዎ ሰው ይኑርበት። የሚጠብቅ ሰው ከሌለ የመጀመሪያው የቫት ሳምንት ላይ ይቀራል። ንባብ ከሆነ ከአንዲት ጓደኛ ጋር አንድ መጽሐፍ ተከፋፍለው ያንብቡና ቡና ላይ ይነጋገሩበት። ወይም ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀጣጠሩ። "አገሬን አያለሁ" ያሉትንም ሰሜንን ሁሉ ዞሬ ብለው አያግዝፉት። በቡታጅራ መንገድ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ሦስት ነገር ይታያል። የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጥሬ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። የጢያ ትክል ድንጋዮች ደግሞ ገና ከ1980 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ናቸው። በጥቅምት መጨረሻ፣ ግብሩ በገባ ማግስት አንድ የፈቃድ ቀን ለዚህ ያውሉት። መንገድ መውጣትም ልምምድ ይፈልጋል። ማን መኪና እንደሚያገኝ፣ ምሳ የት እንደሚበላ፣ የትኛው ጓደኛ መንገድ ላይ እንደሚያማርር የሚታወቀው ሲወጡ ነው።

ወንድምዎን በተመለከተ። አሜሪካ ውስጥ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን የመንግሥት ጡረታ ከ62 ዓመት ጀምሮ ተቀንሶ መውሰድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1960 እና ከዚያ በኋላ ለተወለደ ሰው ሙሉውን የሚያስገኘው ዕድሜ ግን 67 ነው። ከ50 እስከ 67 ያለው 17 ዓመት ነው። በሁለት ሥራ፣ ሰው ባወጣው ፕሮግራም፣ መኪና ውስጥ ሳንድዊች እየበሉ 17 ዓመት ካለፈ ከዚያ ወጥቶ የሚመጣው ሰው ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛውን ሥራ ተው ብሎ ከዚህ ሆኖ መምከር ቀላል ነው፤ የቤት ኪራዩን የምከፍለው እኔ አይደለሁም። የምለው የሥራውን ዓይነት እንዲያይ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ፓርኪንግ ውስጥ እየሠሩ ዲግሪያቸውን የጨረሱ የኛ ሰዎች ሞልተዋል። ደመወዙ ከሌላው አይሻልም ነበር፤ ግን መኪና በማይገባበት ሰዓት ደቂቃው የነሱ ነበር። ሁለተኛ ሥራ መምረጥ ከቻለ ደቂቃውን የማይቀማውን ይምረጥ። "ጡረታ ስወጣ አገር ቤት እገባለሁ" የሚል ከሆነም አሁን ከማን ጋር እንደሚደዋወል ይጠይቁት። በ67 ዓመቱ አዲስ አበባ ሲገባ ቡና አብሮት የሚጠጣው ሰው ዛሬ ስልኩ ውስጥ መኖር አለበት።

ባለቤትዎ ግን አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ ለእሳቸው "በ45 ዓመትዎ ቢጀምሩ ኖሮ" ማለት አይጠቅምም። ደግነቱ በሩ አልተዘጋም። እስራኤላዊቷ ተመራማሪ ጋሊት ኒምሮድ የአገሯን ጡረተኞች አጥንታ ከጡረታ በኋላ አዲስ ነገር የጀመሩት ሰዎች ካልጀመሩት ይልቅ በኑሯቸው ረክተው አግኝታቸዋለች። ጥያቄው እንዴት ይጀመር የሚለው ነው።

"ውጣ" የሚለውን ይተዉት። ከሚያውቁት ሥራ ይነሱ። የሰፈራችሁ እድር ወረቀት የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ? የአባላት ዝርዝር፣ የመዋጮ ደረሰኝ፣ የድንኳንና የወንበር ቆጠራ፣ የድሮ ቃለ ጉባኤ፣ ብዙ ጊዜ ሁሉም በአንድ ፌስታል ገብቶ የአንድ ሰው አልጋ ሥር ነው። ይህን ከባለቤትዎ የተሻለ የሚያደራጅ ሰው በሰፈሩ ውስጥ አይኖርም። አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። አሠራሩን ራሳቸው ይወስኑት። ስንት ፋይል ይኑር፣ በምን ይመደብ፣ ማን ያውጣ፣ ማን ይፈርም፣ መሪው እሳቸው ይሁኑ። ሰብሳቢው "ይሄን ለእገሌ አድርሱልኝ" እያለ ከላካቸው መዝገብ ቤቱ ተነስቶ ሰፈር መጣ ማለት ነው፤ በወሩ ሶፋው ላይ ይመለሳሉ።

ጥሪውም ከእርስዎ ባይመጣ ይሻላል። የሚስት "ሂድ" እንደ መባረር ይሰማል። ቀያሹ ጎረቤትዎ ወረዳ ሲሄዱ "ና አብረን እንሂድ፤ የወረቀቱን ነገር አንተ ታውቃለህ" ቢሏቸው ሌላ ነው። እርስዎ ጎረቤትዎን በጎን ያነጋግሯቸው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ውጤት አይጠይቁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛው ገንዘብ ነው። ጡረተኛ "የት ልሂድ?" የሚለው አንዳንዴ "በምን ልሂድ?" ማለት ነው። የኛ ሰው ወንድ ልጅ ተጋብዞ ሳይጋብዝ መመለስ ይከብደዋል። ሁለቴ ሻይ ከተከፈለለት በሦስተኛው ቀን አይመጣም። ለባለቤትዎ የኪስ ገንዘብ መስጠት ሊያስቀይማቸው ይችላል፤ የጡረታውን ገንዘብ ሁሉ ለአስቤዛ ከማዋል የተወሰነውን እሳቸው ጋ እንዲቀር መስማማት ግን ይቻላል።

ሁለተኛው ጤና ነው። በ63 ዓመት ወንድ ልጅ ሳይናገር ከሰው የሚሸሽባቸው ምክንያቶች አሉ። ጆሮው ሲደክም ብዙ ሰው ያለበት ጨዋታ ያደክመዋል፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ እያለ መምጣቱን ይዩ። ዓይን ላይ ሞራ ሲጀምር ጋዜጣ ይቀራል። ፕሮስቴት ሲያብጥ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሽንት ቤቱን የማያውቀው ቦታ መሄድ ያስፈራዋል፣ ይህን ደግሞ ለሚስቱ አይናገርም። ድባቴም አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቀድሞ ደስ የሚላቸው ነገር ሁሉ ከጠላቸው፣ ምግብና እንቅልፍ ከተዛባ፣ "ምን ዋጋ አለኝ" ማለት ከጀመሩ የመሰልቸት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት እንዲህ ከቆዩ ምርመራው ዘግይቷል፤ በዚህ ሳምንት ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው፤ እድሩ ይደርሳል።